ጭራ የሌለው ሳምንት

ባሮክ ጠዋት ልጁን ሲቀሰቅስ «ተነሺ» ብሎ ብቻ አይተውም። «ተነሺ አስኩ፤ የነጋው መሬት ስለ ዞረች ነው» ይላል። ቁርስ ሲያቀርብ «ብዪ፤ የዕንቁላል አስኳል ቢጫነቱን የሚያገኘው ዶሮዋ ከለቀመችው ነው» ይላል። ካልሲ ሲያለብሳት ስለ ጥጥ፣ ጸጉሯን ሲያበጥር ስለ ጸጉር ሥር፣ በር ሲከፍት ስለ ማጠፊያ ይናገራል። ሰውየው ለፍላፊ ሆኖ አይደለም፤ በሐዋሳ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚናገረው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቶች በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ መከፈት ከጀመሩና የቀረው ትምህርት በየቤቱ ይሁን ከተባለ ወዲህ፣ ለልጅ የሚነገር ማንኛውም ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ አንድ ዕውቀት እንዲቀጠልበት ተወስኗል። ደንቡ ረጅምና ወፍራም ስም አለው። ሰው ግን ጭራ ብሎ ይጠራዋል።

በየቤቱ ሳሎን ጣሪያ ላይ አንዲት አድማጭ አለች። ጭራ ያለው ንግግር ስትሰማ አረንጓዴ ትበራለች፤ ጭራው ከቀረ ቢጫ፣ ቢጫው ከበዛ ቀይ ትሆናለች። ሰው ከለመዳት ቆይቷል። ቤት የሚከራዩ ባልና ሚስት ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ ከጠየቁ በኋላ፣ አድማጯስ ጆሮዋ እንዴት ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

የባሮክ ሚስት ኤልዳና በጭራ ነገር ሰነፍ ናት። የሐይቁን ውሃ በሚያጣራው ጣቢያ በፈረቃ ትሠራለች፤ ቤት የምትገባው እግሯን እየጎተተች ነው። ስለዚህ «ጫማሽን አድርጊ፤ ጫማ የእግር ነው» ትላለች። ወይም «ነይ ብዪ፤ ምግብ ይበላል»። አድማጯ ጥቂት ታመነታና እንደ ማዘን ብላ አረንጓዴ ትበራለች። ባሮክ በዚህ ይበሳጫል፤ ምክንያቱም እሱ ባለሙያ ነው። ራሳቸው ጭራ ማፍለቅ ላቃታቸው ወላጆች በየማለዳው የሚላከውን ጭራ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ነው። ስለ ሽንኩርት የጻፈው ጭራ ሐዋሳን አልፎ እስከ ዲላ ድረስ ተነግሮለታል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ እናቶች ሽንኩርት እየመረጡ ያችኑ የእሱን ጭራ በአንድ አፍ ሲናገሩ ሰማና ደረቱ ተነፋ። ሁለቱ ልጆቻቸው ግን ሽንኩርቱንም እናቶቻቸውንም አላዩም፤ የሞተች ዝንብ የሚጎትት ጉንዳን እያዩ ነበር። ባሮክ ይሄንን ልብ አላለውም።

ልማዱ እንዲህ ስር ሰድዶበት ሳለ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተና ለቅሶ ሄዱ። ባሮክ ሐዘንተኛው ፊት ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ፤ እንባ ውስጥ ጨው አለ» አለ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወላጆች ስለ ነበሩ ማንም አልደነገጠም፤ እንዲያውም አንዱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ኤልዳና ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያዩዋት ሰዎች ሐዘኑ ጠንቶባት መሰላቸው፤ አንዲት ሴትማ ውሃ አመጣችላት።

ልጃቸው አስካለ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟ የጥንት ስም ነው፤ የእኩዮቿም እንዲሁ። አጥናፉ፣ ጌጤነሽ፣ ይማም የሚባሉት ዛሬ ሕፃናቱ ናቸው፤ ሜላትና ሶልያና የሚባሉት ደግሞ በምርኩዝ የሚሄዱት አሮጊቶች። አስካለ ሦስት ዓመቷ ላይ አፏ አያርፍም ነበር። ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ለምንድን ነው፣ ማን አደረገው ትላለች። ባሮክ ይመልሳል፤ በመልሱ ላይ ጭራ ይቀጥላል፤ በጭራው ላይ ሌላ ጭራ። ቀስ በቀስ ጥያቄዋ ቀነሰ። ቀጥሎ ወሬዋ ቀነሰ። አሁን አባቷ አፉን ሲከፍት ትከሻዋ ብርድ እንደ ነካው ሰው ወደ ጆሮዋ ከፍ ይላል፤ ተናግሮ ሲጨርስ ዝቅ ይላል። ታዛዥ ናት። በደንብ ትበላለች፣ በደንብ ትተኛለች፣ አንዳንዴ ለብቻዋ ትስቃለች። አትናገርም እንጂ። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ጆሮዋም ምላሷም ደህና ነው ተብለው ተመልሰዋል።

አምና ክረምት ከቤት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይዘሮ አርሴማ የሚባሉ ጎብኚ መጥተው ነበር። ጎብኚ ማለት በየዓመቱ አንዴ እየመጣ ልጁን የሚያነጋግር ሰው ነው። አስካለ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የምንጣፉን ጠርዝ ስትፈትል ቆይታ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ጉብኝቱ አለቀ። ውሳኔው ጨዋ ነበር። የዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ ጭራ ይጨመርላታል፤ በመጪው ክረምት ጉብኝት ካልተናገረች ከመስከረም ጀምራ ሳምንት ቤት ትገባለች።

ሳምንት ቤት ልጆች ሰኞ ገብተው ቅዳሜ የሚወጡበት ነው። ክፉ ቦታ ነው የሚል ሰው የለም። አልጋው ንጹሕ፣ ምግቡ ጥሩ፣ ሠራተኞቹ ከንጋት እስከ መኝታ ጭራ የማይጎድልባቸው ናቸው። የጎረቤታቸው የእማማ ሜላት የልጅ ልጅ አጥናፉ ባለፈው መስከረም ገብቷል። ቅዳሜ ሲመጣ አያቱ እቅፍ አድርገው ይስሙታል፤ እሱም «ሰላም እማማ፤ ሰላምታ የማኅበራዊ ኑሮ መሠረት ነው» ይላቸዋል። እማማ ሜላት ያኔ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው ወደ ጓዳ ገብተው ጥቂት ይቆያሉ። ባሮክ አስካለ እንዲህ ሆና በየቅዳሜው በሩ ላይ ስትቆም ትታየው ጀመር። ልጁን ይወዳታል። ፍቅሩን የሚገልጥበት የሚያውቀው መንገድ ደግሞ አንድ ነው፤ ስለዚህ ጭራውን ጨመረ።

ዓመቱን ሙሉ ጨመረ። ገላዋን ሲያጥባት ስለ አረፋ፣ ሐይቅ ዳር ሲወስዳት ስለ ወፉ ስለ አባ ኮዳ ክንፍ፣ መንገድ ሲሻገሩ ስለ ጎማ ተናገረ። እሁድ እንኳን አላረፈም። ጉብኝቱ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠዋት ተነሥቶ «ተነሺ አስኩ» ሊል አፉን ቢከፍት የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። አስካለ ትከሻዋን እንዳነሣች ብዙ ጠበቀች።

ሐኪሙ ጉሮሮውን በመብራት አይቶ አልተገረመም። የወላጅ ጉሮሮ የሚባለው ነው አለው፤ ክረምት ሲገባ፣ ጉብኝት ሲቃረብ፣ ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። የድምፅ አውታሮቹ አብጠዋል፤ አንድ ሳምንት ንግግር የለም፣ ሹክሹክታም ቢሆን የለም፤ ከተናገረ ድምፁ ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችላል። ይሄን ብሎ ሲያበቃ ሐኪሙ አስካለ ወንበር ላይ መቀመጧን አየና «የድምፅ አውታሮች ሁለት ናቸው፤ እንደ ከንፈር ይገጥማሉ» ብሎ ጨመረላት። አስካለ ትከሻዋን አነሣች፤ መልሳ አወረደች።

ባሮክ ወሽመጡ ተቆርጦ ቤት ገባ። ጭራዎቹን ጽፎ የቤቱ መሣሪያ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ለማድረግ አሰበ፤ ነገር ግን የመሣሪያ ድምፅ የወላጅ ድምፅን እንደማይተካ ደንቡ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ ያንን አንቀጽ ያረቀቀው ደግሞ የእሱው ክፍል ነው። ማታ ኤልዳና ስትመጣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ለመናት። ይሄን ሳምንት ብቻ፣ ስለ እኔ ስትዪ፣ በደንብ ቀጥዪላት አላት። ኤልዳና ክረምቱ ደለል እያመጣ በጣቢያው ሥራ በዝቶባት ነበር። ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተዘረጋች፤ ጣሪያው ላይ ቢጫ የምትበራውን አድማጭ አየች፤ ቀጥላ ባሏን አየችው።

«ባሮክዬ፣ ስትናገር እወድሃለሁ» አለችው። «ዝም ስትል ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እንዳለችውም ወሰዳት። ባሮክ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ይሄ ቤት ሲተኛ እንኳን እንዲህ ጸጥ ብሎ ያውቃል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ።

በነጋታው አስካለን ትከሻዋን በእጁ ነክቶ ቀሰቀሳት። ዓይኗን ገለጠች፤ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ካልሲዋን አለበሳት፤ ጠበቀች። ዕንቁላሉን አቀረበላት፤ አስኳሉን እያየች ጠበቀች። ጫማዋን ሲያስርላት ዝቅ ብላ አፉን በቅርብ ተመለከተችው፤ የተበላሸ ዕቃ የሚመረምር ሰው እንደሚያይ አድርጋ። ባሮክ ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ፤ ዳግም አልተነሣም። ትከሻዋን የሚያነሣው ብርድ እንዳልሆነ፣ እሱ ራሱ እንደሆነ፣ ያን ዕለት ጠዋት ለባሮክ ገባው።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ወረደ። ከጣሪያው የሚመጣው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ፣ ግቢውን ሰያፍ አቋርጦ፣ በበሩ ሥር ወደ ቦዩ ይወጣል። አስካለ ቦቲዋን ራሷ አድርጋ ወጣች። ባሮክ ጃንጥላ ይዞ ተከተላት፤ ስለ ደመና፣ ስለ ነጠብጣብ፣ ስለ መብረቅ የጻፋቸው ጭራዎች ሁሉ ጉሮሮው ሥር ተሰልፈው ቆመዋል። ልጅቱ ውሃው መሄጃ ላይ ቁጢጥ አለች። ጭቃ በሁለት እጇ አፍሳ መንገዱ ላይ ከመረችበት። ውሃው ቆም አለ፣ ተጠራቀመ፣ አበጠ፣ ከዚያ ጭቃውን ይዞት ሄደ። ድጋሚ ከመረች። ድጋሚ ሄደ።

ባሮክ ምን ማድረግ እንዳለባት ያውቅ ነበር፤ ወይም የሚያውቅ መሰለው። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ሊያሳያት ሲል እጁን በጭቃማ እጇ ያዘችና ወደ ጎን አደረገችው። በቁጣ አልነበረም፤ መንገድ ላይ የቆመን ወንበር እንደ ማንሣት ነበር።

«ድንጋይ አምጣ» አለችው።

ባሮክ ደርቆ ቀረ። ከሰማት ስንት ጊዜው ነው? ድምፁ ቢኖረው ኖሮ ምን እንደሚል ያውቀዋል፤ ስለ ድንጋይ የተጻፉ ጥሩ ጥሩ ጭራዎች ሞልተዋል። ስለሌለው ግን ሮጦ ድንጋይ አመጣ። ትልቅ ድንጋይ ነበር። አስካለ ውሃው ላይ አስቀመጠችው፣ ውሃው በሥሩ ሾለከ፣ ፊቷን አኮሳተረች። «ትንሽ ትንሽ» አለች። ትንሽ ትንሽ አመጣ። ጃንጥላውን የት እንደ ጣለው አላስታወሰም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዝናቡን ጠበቁ። አስካለ ትልቅ ድንጋይ እንደማይረባ፣ ጭቃ ብቻውን እንደሚሄድ፣ ሣር ከጭቃ ጋር ከተደባለቀ ግን ጠንክሮ እንደሚይዝ ደረሰችበት። ይሄን ለአባቷ አላስተማረችውም፤ እየሠራች ለራሷ ታወራ ነበር። «አይ… እዚህ ጋ አይደለም። እንዲህ ቢሆንስ? ሄደ። ቆይ፣ ሣሩን በሥሩ።» ባሮክ ጎኗ ቁጢጥ ብሎ ልጁ ስታስብ ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ ግድቡ ያዘና ውሃው በግቢው ተኛ፤ እሷ ደስ ብሏት ወደ እሱ ዞራ ሳቀች፤ ያኔ የላይኛው የፊት ጥርሷ አለመኖሩን አየ።

በምልክት መቼ ወለቀ ብሎ ጠየቃት።

«ቆየ እኮ» አለችው።

ባሮክ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ስለ ጥርስ ሳይናገር አልዋለም፤ የልጁን አፍ ግን አላየውም። ሆድ ባሰው፣ ዓይኑ ሞላ፤ ዝናብ ስለ ነበር ማንም አልለየውም።

በዚያው ቀን ውሃው መውጫ አጥቶ በአጥሩ ሥር ወደ እማማ ሜላት ግቢ ገባ። እማማ ሜላት ምርኩዛቸውን ይዘው ሊቆጡ መጡ። ደረሱ፣ አዩ፣ መቆጣቱን ተዉትና የአጥሩን እንጨት ይዘው ቆሙ። በእሳቸው ልጅነት ክረምት ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቦይ ሲገድብ ይውል ነበር አሉ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲገቡ የሚመታቸው እንጂ የሚያብራራላቸው አልነበረም። ይሄን ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ «አጥናፉም ቢኖር» አሉ። አስካለ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ የግድቡን ጎን በጣቷ ጫረችና ለውሃው ትንሽ መውጫ ተወችለት፤ ውሃው ከእማማ ሜላት ግቢ ተመልሶ በዚያ መፍሰስ ጀመረ። ግድቡም ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ መፍረሱን ቀነሰ። ለምን እንደ ቀነሰ ለማወቅ እዚያው እስኪመሽ ተቀመጠች።

በቤቱ ጣሪያ ላይ ያለችው አድማጭ ግን ቀይ ከሆነች ሰነበተች። ኤልዳና ስትገባ ቀና ብላ ታያታለች፤ ቀጥላ በመስኮት ጭቃ የለበሱትን ሁለቱን ታያለች። ጉብኝቱ ሰኞ ነው። እሁድ ማታ አስካለ ከተኛች በኋላ ኤልዳና ባሮክን፣ ነገ እንግዳ ፊት አፏን ብትዘጋስ አለችው።

ሰኞ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ሞከረ። ድምፁ መጣ፤ ዘይት እንደሚያስፈልገው በር ሲጢጥ ይላል እንጂ መጣ። ኤልዳና ፈረቃዋን ቀይራ ቀርታለች። አስካለን አጥበው፣ አበጥረው፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሰው ሶፋ ላይ አስቀመጧት። ወይዘሮ አርሴማ በሰዓታቸው ደረሱ፤ ደርባባ፣ ፈገግተኛ፣ ሽቶአቸው የሚያውድ ሴት ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ትንሿ አድማጭ ተሰክታለች። ተቀመጡና «እንደምን አደርሽ አስካለ፤ ጠዋት ማለት ከንጋት እስከ ቀትር ያለው ነው» አሉ። የአስካለ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ስንት ዓመትሽ ነው አሉና ስለ ዓመት ቀጠሉላት። ምን ትወጂያለሽ አሉና ስለ መውደድ ቀጠሉላት። ልጅቱ የምንጣፉን ጠርዝ መፈተል ጀመረች። ባሮክ የኤልዳናን እጅ ያዘ።

በዚህ መካከል ዝናቡ ጣሪያውን ደበደበው። አስካለ ቀና አለች፣ ከሶፋው ወረደች፣ በንጹሕ ቀሚሷ ወጥታ ሄደች። ኤልዳና ልትጠራት ስትል ባሮክ ከለከላት። ወይዘሮ አርሴማ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከተሏት፤ ሥራቸው ነውና። ባሮክም ከኋላቸው ወጣ።

ግቢው ሐይቅ መስሎ ነበር። ወይዘሮ አርሴማ ግድቡ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው አስካለ እጇን ዘረጋች። «እሱን እንዳትረግጪው» አለች። «ገና አልጠነከረም።»

ወይዘሮ አርሴማ ፊታቸው በደስታ በራ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ እንደ ማንኛውም የሠለጠነ ሰው የሚያደርጉትን አደረጉ። «ጎበዝ፤ ግድብ ማለት ወራጅ ውሃን ለመስኖ፣ ለመጠጥና ለ…»

ትከሻዋ ተነሣ። አፏ ተዘጋ። ባሮክ ትከሻዋን አየ፤ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆማ ሰላምታ የምን መሠረት እንደሆነ የምትነግረውን ልጅ አየ። ሌላ አላሰበም።

«ወይዘሮ አርሴማ» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀበት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እባክዎ ዝም ይበሉ።»

በረንዳው ላይ ኤልዳና እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዕድሜ ለሚበልጡት ሴት፣ ለዚያውም ለእንግዳ፣ ለዚያውም ለመንግሥት ሰው እንዲህ ሲባል በሕይወቷ አልሰማችም። ወይዘሮ አርሴማ እሱን አዩት፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ የልጅቱን ትከሻ አዩ፤ አፋቸውን ዘጉ። የደረታቸው አድማጭ ቢጫ በራች። ዝናቡ ወረደ። አድማጯ ቀይ በራች። የጀመሩት ዓረፍተ ነገር ውስጣቸው ተቀርቅሮ፣ ማስነጠስ እንደያዘው ሰው ፊታቸው ተኮማትሮ ቆሙ። ባሮክም ስለ ግድብ የሚያውቃቸው ጭራዎች ሁሉ ምላሱ ላይ መጥተውበት ምላሱን ነክሶ ቆመ። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ዝናብ ውስጥ ዝም አሉ። ጊዜው ረዘመ። ኤልዳና አበቃልን፣ ልጄን ወሰዷት ብላ አሰበች።

አስካለ አንዱን አየች፤ ሌላዋን አየች። ማንም ምንም አልጨመረም። ትከሻዋ ወረደ።

«ሁልጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው» አለች በጣቷ እያሳየች። «አባዬ ትልቅ ድንጋይ አመጣ። ትልቅ ድንጋይ አይረባም፣ በሥሩ ይሾልካል። መጀመሪያ ሣር ነው። ከዚያ ይሄ ጋ በር ተውኩለት፣ ካልተውኩለት ይናደድና ሁሉንም ይዞት ይሄዳል። ግን በሩ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ምንም አይቀርም። ስንት መሆን እንዳለበት ገና አላወቅኩም።» ትንፋሽ ወሰደች። ቀጥላ ቁልቁል አየች። «ጫማሽ ውሃ ያስገባል?»

ወይዘሮ አርሴማ ስለ ቆዳና ስለ ስፌት ሊናገሩ እንደነበር ፊታቸው ላይ ታየ። ጫማቸውን ተመለከቱ። ከዚያ አንድ እግራቸውን አንሥተው ውሃው ውስጥ ከተቱት።

«ያስገባል» አሉ።

«ይቀዘቅዛል?»

«በጣም።»

አስካለ ወላቃ ጥርሷን አሳይታ ሳቀች። ሣር ሰጠቻቸውና ያዢልኝ አለቻቸው፤ እሳቸውም ያዙ። ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ የቆጠረ የለም። ልጅቱ ለዓመት ያጠራቀመችውን አወራች። ጉንዳን ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ እንደሚያውቅ እንደምትጠረጥር፣ አባ ኮዳ በአንድ እግሩ የሚቆመው ሌላው ስለሚቀዘቅዘው ይሁን አይሁን እንዳልገባት፣ የእናቷ ጫማ የእግር ከሆነ የአባቷ ባርኔጣ የማን እንደሆነ፤ ኤልዳና እዚህ ጋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ቤት ገባች።

ወይዘሮ አርሴማ ሲሄዱ ባሮክ እስከ በር ሸኛቸው። ጫማቸው በየእርምጃው ይንቦጫረቅ ነበር። ደረታቸው ላይ ያለችውን ቀይ ነገር እያዩ፣ አስካለ ሳምንት ቤት አትገባም አሉት፤ መናገር የሚባለው ይሄ ካልሆነ ሌላ አያውቁም። እሱ ግን የመንግሥት ሠራተኛን በሥራ ላይ ዝም በማሰኘቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ይሄን እሳቸውም ማስቀረት አይችሉም። ባሮክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ፤ ለሁለቱም ነበር። ወይዘሮ አርሴማ ጥቂት ራቅ ካሉ በኋላ ዞር ብለው፣ ከርሞም ዝናብ ባለበት ቀን ብመጣ ይሻለኛል አሉት።

ዝናቡ ሲያባራ አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር እጃቸውን ሊታጠቡ ቁጢጥ አሉ። አስካለ ጣቶቿን አራርቃ አየቻቸው፤ አንዱ ከሌላው ሲለያይ ጭቃው ይሳባል።

«አባዬ፣ ጭቃ ለምን ይጣበቃል?»

ባሮክ ይሄን ያውቀዋል። ጭራውን የጻፈው እሱ ነው፤ ጥሩ ጭራ ነበር፣ አለቆቹ አመስግነውበት ከተማው ሁሉ ተናግሮታል። ቃሉ አንድ በአንድ አፉ ላይ መጣ። ሊናገር ሲል የራሱን እጅ አየ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ እየረገፈ ነው። መዳፉ ላይ ያለው ቀጥኖ እየፈሰሰ ነው። በሁለቱ መካከል፣ አመልካች ጣቱ ላይ ያለው ብቻ ይጣበቃል። አፈሩም ውሃውም ያው ነው፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም። ለምን? የጻፈውን ጭራ በልቡ ደገመው፤ ዳግም ደገመው፤ ይሄን አይመልስም። ስለ ጭቃ ሲጽፍ ጭቃ ነክቶ አያውቅም ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ።

አስካለ ቀና ብላ፣ እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አጥብቃ አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

«እኔም» አለች በደስታ፤ ሊታጠብ የነበረ እጇን መልሳ ጭቃው ውስጥ ከተተችው። እሱም ከተተ።